ጠምጥሞ መማር

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አበው። የተባለው ሻሹን አሳምሮ ጠምጥሞ፣ መቋሚያውን ተደግፎ ከማሕሌት ለሚቆም፣ ተራው ሲደርስ ግን ዜማው ለሚጠፋው ሰው ነው። ለዳኛውም፣ ለሹሙም፣ ለጋዜጠኛውም ብንተርትበት ያስኬዳል። የሚያስቸግረው ሐኪም ላይ ስንደርስ ነው። የሕክምና ተማሪ ነጩን ጋውን የሚለብሰው ስለተማረ አይደለም፤ ሊማር ነው። ጋውን ካልለበሰ ዋርድ አይገባም፤ ዋርድ ካልገባ በሽተኛ አያገኝም፤ በሽተኛ ካላገኘ ደግሞ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ቢሸመድደውም ሐኪም አይሆንም። ውኃ የቋጠረ ሳንባ በጆሮው ሳይሰማ፣ ያበጠ ጉበት በጣቱ ጫፍ ሳይነካ፣ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ሌሊቱን ሳያነጋ የሚሰበስበው ዕውቀት ስለ ሕክምና የተወራውን ማወቅ ነው። አበው ይቅር ይበሉንና፣ በዚህ ሙያ መጠምጠም ይቀድማል። ታዲያ ከመጠምጠሙ እስከ መማሩ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርሰውን ጉዳት የሚችለው ማነው?

የጤና ባለሙያዎችን ትምህርትና ሥልጠና ማጥናት ራሱን የቻለ ዘርፍ ከሆነ ቆይቷል። የራሱ መጽሔቶች፣ የራሱ ጉባኤዎች፣ የራሱ ማስተርስና ዶክትሬት አለው። ሌክቸር ይሻላል ወይስ በትንንሽ ቡድን መወያየት? ፈተናው በጽሑፍ ይሁን ወይስ በተግባር? ተማሪው በስንተኛው ዓመት ዋርድ ይግባ? እያለ ይጠይቃል፤ ጥሩ ጥሩ መልስም አግኝቷል። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ግን ስለ ተማሪው ናቸው። ተማሪው ምን አወቀ፣ ምን ተሰማው፣ ስንት አመጣ። ተማሪው የተማረበት ሰው በጥናቶቹ ውስጥ እንደ አልጋው፣ እንደ መብራቱ የክፍሉ ዕቃ ሆኖ ያልፋል። እኔ የምለው፣ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ሰው ነው። ገላውን ያበደረው እሱ ነውና።

አንድ ምሳሌ እናስብ። ጣፊያቸው አብጦ እስከ እምብርታቸው የወረደ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ ተኝተዋል። «ስድስት ቁጥር ላይ ጥሩ ፋይንዲንግ አለ» የሚለው ወሬ ከቁርስ በፊት ዶርም ደርሷል። ራውንዱ ሲጀመር ሲኒየሩ ከፊት፣ ሬዚደንቶቹ ከጎኑ፣ ኢንተርኖቹ ካርድ ታቅፈው፣ ተማሪዎቹ ከኋላ በጣታቸው ቆመው አልጋውን ይከቡታል። የሕመሙ ታሪክ ከሰውየው ራስ በላይ በእንግሊዝኛ ይነበባል፤ ሰውየው ከሁሉም የሚያውቁት የራሳቸውን ስም ብቻ ነው፤ እሱንም አንባቢው አሳስቶታል። ከዚያ መንካት ይጀመራል። «አባባ፣ ሆድዎን ትንሽ ልንካዎት? ወደ ውስጥ ይተንፍሱ።» ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። እጆቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ስምንተኛው ተማሪ ሲደርስ ሰውየው «ይተንፍሱ» ሳይባሉ ይተነፍሳሉ፤ ምርመራውን ተምረውታል። ዘጠነኛዋ ተማሪ ከጎድን አጥንታቸው ሥር ብትደባብስ፣ ብትደባብስ ጠርዙን አታገኘውም። ጊዜው ይሄዳል፣ ሲኒየሩ ሰዓቱን ያያል፣ ልጅቷን ያልባታል። ይሄኔ አዛውንቱ በለሆሳስ፣ «ዝቅ ብለሽ ጀምሪ ልጄ፤ እነሱ ከታች ነው ያገኙት» ይሏታል።

ትክክል ናቸው። በጣም ያበጠ ጣፊያ የሚፈለገው ከሆድ ታች ተነስቶ ወደ ላይ እየተወጣ ነው፤ ከላይ የጀመረ እጅ ያረፈው ጣፊያው ላይ ስለሆነ ጠርዙን ያልፈዋል። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ግን ይህን ነገር ዕድሜ ልኳን የምታስታውሰው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከአባባ ይሆናል። በምርቃቷ ዕለት አስተማሪዎቼ ብላ ስም ስትጠራ እሳቸውን ትጠራ ይሆን? ስማቸውንስ ታውቀዋለች? ዋርዱ ውስጥ መጠሪያቸው «ስድስት ቁጥር» ነበር።

በእኛ አገር ለሌላ ሰው መማሪያ ራስን መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም፣ ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ የትምህርቱን ወጪ እየከፈለ ነው። የሕክምና ተማሪና የቆሎ ተማሪ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሚማሩት ከድሃ ደጅ በሚያገኙት ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። እንጀራውን የሚቆርሰው ገበሬ እየሰጠ መሆኑን ያውቃል፤ ባይፈልግ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተማሪውን ይሸኘዋል፤ ለምን እንደሚሰጥም ያውቃል፣ ለነፍሱ ነው። ደግሞም ቅኔው ቤት ባይመታ የሚጎዳ ሰው የለም፤ መምህሩ ተቆጥተው ያርማሉ፣ ያበቃል። የዋርዱ ሰው ግን መስጠቱን የነገረው የለም። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ የተገኘው ለግል ክሊኒክ መክፈል ስላልቻለ ነው። ቤት ያልመታው መርፌም የሚያርፈው በእሱ ደም ሥር ላይ ነው። የተማረው ልጅ ነገ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ እናውቃለን፤ ከድሃው የተማረውን እጅ ይዞ ከተማ መሐል ካለ የግል ሆስፒታል፣ ወይም ከባሕር ማዶ። በዚህ ልጁን አልከስም፤ መኖር አለበት። ብድሩ ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው እንደሚመለስ ግን አይካድም።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሥልጠና ጥናት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር በአሜሪካና በካናዳ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ዞሮ ካወጣው ዘገባ ነው። እኔ ቢጠይቁኝ ቪየና እጀምራለሁ። በ1840ዎቹ የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሚሠለጥኑት የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ነበሩ። ነፍሰ ጡሮቹ ወደ አንዱ የሚገቡት በምርጫ ሳይሆን በቀን ተራ ነበር፤ ዛሬ አንደኛው ከተቀበለ ነገ ሁለተኛው ይቀበላል። የዛሬ ተመራማሪ ፈልጎ የማያገኘው ዓይነት ንጽጽር ነው፤ ከተማው አንድ፣ እናቶቹ አንድ፣ ሥልጠናው ሁለት። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከተገላገሉት 4,010 ሴቶች 459 ሞቱ፤ 11.4 በመቶ መሆኑ ነው። በአዋላጆቹ ክፍል ከ3,754 የሞቱት 105፣ ማለትም 2.8 በመቶ ነበሩ።

ይህን ቁጥር ከሐኪሞቹ በፊት ሴቶቹ ያውቁት ነበር። የአንደኛው ክፍል ቀን የገጠማቸው ሴቶች ተንበርክከው ወደ ሁለተኛው እንዲወሰዱ ይለምኑ ነበር፤ መንገድ ላይ ወልደው የሚመጡም ነበሩ። መንገድ ላይ የወለዱት ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ከወለዱት ያነሰ ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ከአየሩ ፈለጉ፣ ከሴቶቹ ፍርሃትና እፍረት ፈለጉ። አንድ ኮሚሽን ደግሞ የተማሪዎቹ፣ በተለይም ከውጭ አገር የመጡት፣ አመረማመር ሻካራ ስለሆነ ነው ብሎ የተማሪውን ቁጥር ከግማሽ በታች አወረደው፤ የውጭ አገሮቹን ከሞላ ጎደል አገለለ። እንግዳን መክሰስ የትም አገር ቀላል ነው።

ኢግናዝ ሴመልቫይስ በ1846 የአንደኛው ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ አስከሬን ሲመረምር የአንድ ተማሪ ቢላ ጣቱን ወጋውና ታሞ ሞተ። የሬሳው ምርመራ ውጤት ሲነበብ በአንደኛው ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሞቱትን እናቶች ውጤት ይመስል ነበር። ሴመልቫይስ ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠለት። የአንደኛው ክፍል ተማሪዎችና ሐኪሞች ጠዋት አስከሬን ክፍል ይውላሉ፤ ከዚያ በዚያው እጃቸው ምጥ ክፍል ይገባሉ። አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። በ1847 ግንቦት ላይ እጅ በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ። በ1848 የሁለቱ ክፍሎች ሞት ተስተካከለ፤ 1.27 በመቶና 1.33 በመቶ።

ታሪኩ የታወቀ ነው፤ የሚነገረው ግን ስለ እጅ መታጠብ ነው። ስለ ትምህርት የሚለውን ብንሰማው ይበልጥ ያስደነግጣል። አንደኛው ክፍል መጥፎ ትምህርት ቤት አልነበረም። በዘመኑ መለኪያ ከአውሮፓ ምርጦች አንዱ ነበር። ተማሪዎቹ ሰነፎች ቢሆኑ፣ አስከሬን ክፍሉን ቢጠሉት፣ ጠዋት ቢያረፍዱ ኖሮ ብዙ እናቶች በተረፉ ነበር። የገደለው ትጋታቸው ነው። ራሱ ሴመልቫይስ እጅግ የተጋ ነበርና እንደ እሱ አስከሬን የነካ ሐኪም ጥቂት መሆኑን በኋላ ሲረዳ የደረሰበትን ጸጸት ጽፎታል። የዚያን ጊዜ የትምህርት ተመራማሪ መጥቶ ሁለቱን ክፍሎች በፈተና ቢያወዳድር፣ የሕክምና ተማሪዎቹ ከአዋላጆቹ አብልጠው እንደሚያውቁ መዝግቦ፣ አጨብጭቦ በሄደ ነበር። የሥልጠናው ፍሬ የሚታየው ተማሪው ላይ ብቻ ቢሆን ትክክል ነበረ። ፍሬው የተገኘው ግን እናቶቹ አልጋ ላይ ነው።

አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1990 የሐኪምን ብቃት በአራት እርከን ከፍሎ አስቀመጠው፤ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ፣ አድርጎ ማሳየት፣ ከላይ ደግሞ ማንም ሳያይ በዕለት ተዕለት ሥራ ማድረግ። እርከኑ በየሥልጠናው ስላይድ ላይ ይታያል። ፈተናዎቻችን ግን ከታችኞቹ ብዙም ፈቀቅ አላሉም፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መለካቱ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ከላይኛውም በላይ ደግሞ ሚለር ያልሳለው አንድ እርከን አለ፤ በሽተኛው ምን ሆነ የሚለው።

ብድሩን ለመቀነስ የሰው ልጅ አልሞከረም አይባልም። በ1759 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ማዳም ዱ ኩድሬ የተባለችን አዋላጅ አገሩን ዞራ እንድታስተምር ላካት፤ እሷም ከጨርቅና ከቆዳ የሰፋችውን የእናት ገላና የሕፃን ቅርጽ ይዛ፣ ለገጠር ሴቶች በዚያ ላይ ማዋለድን አስተማረች። ከሁለት ክፍለ ዘመን በኋላ ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ሌርዳል የልብና የትንፋሽ ማገዣ የሚለመድባትን አሻንጉሊት ሠራ። በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃዋርድ ባሮውስ ጤነኛ ሰው አሠልጥኖ በሽተኛ መስሎ እንዲቀርብ አደረገ፤ በ1975 ደግሞ ሮናልድ ሃርደን ስኮትላንድ፣ ደንዲ ውስጥ ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞረ የሚፈተንበትን፣ የእኛም ተማሪዎች «ኦስኪ» እያሉ የሚፈሩትን ፈተና ጀመረ። ሁሉም መልካም ነው። ሕፃን ክንድ ላይ አንድ ጊዜ መርፌ ከመሳት፣ ፕላስቲክ ክንድ ላይ መቶ ጊዜ መሳት ይሻላል። (አሻንጉሊቷ ከካርቶኗ ወጥታ ከሆነ ነው እንግዲህ። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ፈቃድ ወጥቷል ሲባል ያልሰማ ተማሪ ካለ ዕድለኛ ነው።) ሆኖም ፕላስቲክ አይበደልም። ስለዚህ መበደል ምን እንደሆነ አያስተምርም። «ይቅርታ እናቴ፣ አልተሳካልኝም፤ ሌላ ሰው ልጥራ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም ለአሻንጉሊት ሲናገር አልተሰማም፤ የሙያው ከባዱ ዓረፍተ ነገር ግን እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ዋርዱ ልመለስ፤ ምክንያቱም ዋርድ የሚያስተምረው በሥርዓተ ትምህርቱ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። በ2003 በፊላደልፊያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ጥያቄው ማደንዘዣ ስለተሰጣቸው ሴቶች ነበር። ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው በተኙ ሴቶች ላይ፣ ተማሪዎች ለመማር ሲባል የማሕፀን ምርመራ ያደርጉ ነበር፤ ሴቶቹ ሁልጊዜ አይጠየቁም ነበር። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን «ፈቃድ መጠየቅ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?» ብለው ጠየቁ። የማሕፀንና ጽንስ ልምምዳቸውን የጨረሱት፣ ገና ካልጀመሩት ይልቅ አስፈላጊነቱን ዝቅ አድርገው አዩት።

ይህን ውጤት ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ልጆቹ ክፉ ሆነው አልተወለዱም። ትምህርት ቤት የገቡት ሳይነገራት ሴትን መንካት ነውር መሆኑን አውቀው ነው፤ እናቶቻቸው አስተምረዋቸዋል። ልምምዱ አንድ ነገር ጨመረላቸው፣ አንድ ነገር ደግሞ አስረሳቸው፤ ፈተና ላይ የሚታየው የተጨመረው ብቻ ነው። ማንም መምህር «ፈቃድ አትጠይቁ» ብሎ ሌክቸር አልሰጠም። ሁሉም ሲያደርገው አዩ፣ አደረጉት፣ ምንም አልመጣም፣ ለመዱት። የትምህርት ተመራማሪዎች ያልተጻፈው ሥርዓተ ትምህርት ይሉታል። ካሊፎርኒያ በዚያው በ2003 ያለፈቃድ እንዲህ ማድረግን በሕግ ከለከለች፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሆስፒታሎች በጽሑፍ ፈቃድ እንዲጠይቁ መመሪያ ያወጣው ግን በ2024 ነው። ሃያ አንድ ዓመት! ተማሪዎቹ በአንድ ክረምት የለመዱትን አገር ለማስተው የፈጀው ጊዜ ነው።

የእኛን አገር ዋርድ የሚያውቅ አንባቢ ፊላደልፊያ ሩቅ አይመስለውም። መጋረጃ በሌለው የምጥ ክፍል ውስጥ «ማነው የሚያየኝ?» ብላ የጠየቀች እናት የምታገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «ሐኪም ነው፤ ዝም በይ» ነው።

እዚህ ላይ ግን የራሳችንን ታሪክ በጥቁር ብቻ መቀባት ልክ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደንቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ በጨረሰ ማግሥት፣ በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። መሥራቾቹ የያኔውን ዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች መቅዳት ይችሉ ነበር፤ አገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች ነበሯት፤ ሐኪም ማፍራት ያስከብር ነበር። እነሱ ግን ሰው በምን ይሞታል ብለው ጠየቁና መልሱን ተከትለው ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብረው እንዲሠለጥኑ አደረጉ። ሦስቱ በአንድ ቡድን ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው፣ አንዱ ሲያክም፣ አንዷ እናቶችን ስትከታተል፣ አንዱ ምንጭ ሲያጎለብትና መጸዳጃ ሲያስቆፍር እዚያው ይማሩ ነበር። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ1983 የተከፈተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ኅብረተሰቡን መሠረት ያደረገ ትምህርት ብሎ መንገዱን አሰፋው፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቀበሌ ይወርዳል፣ ቤት ለቤት ይቆጥራል፣ ችግሩን ይለያል፣ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራል።

ይህን የማነሳው ለኩራት አይደለም። ጎንደርና ጅማ የብድሩን ዓይነት ስለለወጡት ነው። ምንጭ እያጎለበተ የሚማር ተማሪ ለተማረበት መንደር ውኃ ትቶ ይሄዳል፤ ብድሩ እዚያው፣ ለዚያው አበዳሪ ይመለሳል። የሚበላሸው ተማሪው ምንጩን ትቶ ፎርሙን ብቻ የያዘ ዕለት ነው። በየዓመቱ አዲስ ባች መጥቶ «ስንት ቤተሰብ ናችሁ? መጸዳጃ አላችሁ?» እያለ የሚቆጥራት ባልቴት፣ «አምና የመጡት ልጆች የጻፉት የት ደረሰ?» ብትል የትኛው ሱፐርቫይዘር ይመልስላታል?

ስለ ብድር እያወራሁ የማሚቱ ጋሼን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ማሚቱ በ1962 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ለቀናት ካማጠች በኋላ ልጇ ሞቶ፣ እሷም ፊስቱላ ይዟት አዲስ አበባ መጣች። ያከሟት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ናቸው። ከታከመች በኋላ አገሯ አልተመለሰችም። አልጋ አነጠፈች፣ በሽተኞችን አጠበች፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ዓይኗ ክሩን፣ መርፌውን፣ የሐኪሞቹን እጅ ተከተለ። ቀስ በቀስ ትንሽ፣ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ይሰጣት ጀመር፤ በመጨረሻም ራሷ ፊስቱላ የምትጠግን ቀዶ ሐኪም ሆነች። መደበኛ ትምህርት ቤት አልገባችም። የሕክምና ዲግሪ የያዙ፣ ከውጭም የመጡ ሐኪሞች ከእጇ ተምረዋል። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት።

ይህን ታሪክ ሰምተው «አየህ፣ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል!» የሚሉ አሉ። አልተግባባንም። ማሚቱ ያልተማረች አይደለችም፤ ብዙዎቻችን ካገኘነው የተሻለ ትምህርት አግኝታለች። ለዓመታት በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ፣ እጇን ከሚያዩ ከሁለት መምህራን ጎን። አገር እንዲህ አድርጎ በሺህ የሚቆጠር ባለሙያ ማፍራት አይችልም። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሃምሊኖቹ መርፌውን የሰጧት ዕለት በምን አወቁ? የጽሑፍ ፈተና የለም፤ ኦስኪ የለም፤ ዲግሪ የለም። ያላቸው ለዓመታት ያዩት እጅና ያወቁት ሰው ነው። ብቃት ብቻ አይደለም የመዘኑት፤ ስትሳሳት ትናገር እንደሆነ፣ ሲከብዳት ትጠራቸው እንደሆነም አይተው መሆን አለበት። ኔዘርላንዳዊው ኦሌ ቴን ካቴ ከ2005 ጀምሮ ለሥልጠና ጥናት ያበረከተው ሐሳብ እዚህ ላይ ያርፋል። ጥያቄው «ይህ ተማሪ ስንት አገኘ?» ሳይሆን «ይህን ሥራ ያለእኔ ልተውለት?» ይሁን ይላል። አንድ ሲኒየር ለአንድ ኢንተርን «ቀጥል፣ እኔ ውጭ ነኝ» ሲል በገዛ ስሙ ዋስ እየገባ ነው። ዋስ የሆነበትን ሰው ደግሞ በወር አንዴ አይቶት ከሆነ ዋስትናው ባዶ ነው። ማሚቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አልጋው ላይ የተኛችውን ሴት ሆና ታውቃለች። አበዳሪ ነበረችና የብድሩን ክብደት ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም።

የእኛ ኢንተርኖች ሎግቡክ ይይዛሉ። ስንት አዋለዱ፣ ስንት ሰፉ፣ ስንት ጊዜ ከጀርባ ውኃ ቀዱ፤ ከጎኑ የሲኒየር ፊርማ። መቆጠሩ አይከፋም። ቁጥር ግን ብዙ ማድረግን እንጂ ደህና ማድረግን አይናገርም። በ2005 የሐርቫርድ ተመራማሪዎች የሐኪሞችን ልምድና የሕክምናቸውን ጥራት ያነጻጸሩ 62 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ግማሽ ያህሉ የሥራ ዘመን በረዘመ ቁጥር ጥራቱ እንደሚቀንስ ያሳዩ ሆነው አገኙ። ሎግቡኩ ውስጥ ለበሽተኛው የሚሆን ዓምድም የለም። አንዲት ጠባብ መስመር ብትጨመር፣ «ተማሪ መሆኔን ነግሬያለሁ፤ ፈቅደውልኛል» የምትል፣ ምን ይመጣል? «ያኔማ ማንም አይፈቅድም፣ ትምህርቱም ይቆማል» የሚል መልስ አውቃለሁ። ግን እንዲያ አይደለም። በ2010 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ስለዚያው የማደንዘዣ ምርመራ ከተጠየቁት ሴቶች አብዛኞቹ አስቀድመው መጠየቅ እንደሚፈልጉ፣ ከዐሥሩ ስድስት ያህሉ ደግሞ ቢጠየቁ እንደሚፈቅዱ አሳይቷል። የእኛ ሰው ከዚህ ቢበልጥ እንጂ የሚያንስ አይመስለኝም። ለቆሎ ተማሪ የቆረሰ እጅ፣ «እናቴ፣ እየተማርኩ ነው፤ ሲኒየሬ አጠገቤ አለ» ላላት ልጅ ይጨክናል ብዬ አላምንም።

አጠገቤ አለ ካለች ግን መኖር አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ይጠጥራል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአንድ ክልል ሆስፒታል፣ ተረኛዋ ኢንተርን ብቻዋን ናት። እናትየው «እምቢ፣ ዋናው ሐኪም ይምጣልኝ» ብትል ወዴት ትሄዳለች? የቪየናዎቹ ቢያንስ መንገድ ነበራቸው። ሌላ እጅ በሌለበት ፈቃድ መጠየቅ ወግ ብቻ ነው፤ ጠያቂዋም ተጠያቂዋም ያውቁታል። ስለዚህ በሥነ ምግባር የጀመረው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የተረኞች ዝርዝር ላይ ይደርሳል። ዛሬ ሌሊት ሲኒየሩ ማነው? ስልኩ ይነሳል? ከቤቱ የሚያመጣው መኪና ነዳጅ አለው? ይህን የሚያጠና ሰው ከትምህርት ተመራማሪዎች ይቆጠር ከአስተዳደር ሰዎች፣ ለእናትየው ልዩነት የለውም። ሥራው ራሱ ግን ቀላል ነው፤ የአንድ ሆስፒታል የአንድ ወር የተረኛ ዝርዝርና የዚያው ወር የኢንተርኖች ሎግቡክ ጎን ለጎን ቢዘረጉ፣ የትኛው መርፌ ብቻዋን በቀረች ልጅ እጅ እንደተወጋ ከነሰዓቱ ይነበባል።